ሩብ ሰዓት

አዛኑ ሳይሰማ፣ ሳይነጋ በዴይራ፣
ስልኬ ነው ሚነሣው፣ እኔን የሚጣራ።
"ሰርቨሩ ወድቋል" ይላል አንዱ ከባንጋሎር፣
"ውሉን ላክልኝ" ይላል ሌላው ከሲንጋፖር፤
ጥርሴን እየፋቅሁኝ አንዱን አባብዬ፣
ሸሚዝ እየተኮስሁ ለሌላው "ነገ ያልቃል" ብዬ፤
እውነቴን ነው ደግሞ፦
ነገ አልቋል እኮ፣ ተሸጧል አስቀድሞ።

በሼክ ዛይድ መንገድ፣ መኪና በመኪና፣
ቀዩ መብራት እንደ ፍም ተነጥፎ ጎዳና፣
መሪው በአንድ እጄ፣ በጆሮዬ ስብሰባ፣
ስንቱን ፎቅ አለፍሁት ሳልወጣ ሳልገባ።

አርባ አንደኛው ፎቅ ላይ ብርዱ እንደ ደጋ፤
ውጭ ሰማዩ ይነዳል፣ ውስጥ ጃኬት ፍለጋ።
ጠረጴዛው መስታወት፣ ውሃው ከፈረንሳይ፣
ባለገንዘቡ ሰው ስልኩን ብቻ ሲያይ፣
"በሦስት ደቂቃ ንገረኝ" አለኝ፤ ነገርኩት፤
የሰባት ዓመቴን በሦስት ጠቀለልኩት።
"ስሙ ድልድይ ነው" አልኩ፣ "ገንዘብ የሚያሻግር፣
ከጅዳ ኩሽና እስከ ወሎ ገጠር።"
"ስንት ሰው?" "ሰማንያ ሺህ።" "ጥቂት።"
ሰማንያ ሺህ ልጅ፣ ሰማንያ ሺህ እህት።

ሲመሽ ሌላ ፈረቃ፣ ስሙ መዝናናት ነው፣
ማሪና ጀልባ ላይ ካርድ የምንበትነው።
"ወንድሜ!" ብሎ አቀፈኝ ትናንት ያወቀኝ ሰው፤
"ሀቢቢ" አልኩት እኔም፣ ስሙን ባላስታውሰው።
የሎሚ ውሃ ይዤ በረጅም ብርጭቆ፣
ሣቅ ስከፍል አመሸሁ፣ መንጋጋዬ አልቆ።

ያለኝን በሙሉ ደመና ላይ ጫንሁ፤
ውሉን፣ ፎቶውን፣ የአባቴን ድምፅ ጭምር እዚያው አስቀመጥሁ።
እንዲህ ያለ ደመና የት አገር አለ?
ስንት ነገር አዝሎ
ጠብ ያላለ።

ቀኔን የሚሸነሽን ሰሌዳ አለኝ፤
ማንም ያሻው ሁሉ ከፍቶ የሚይዘኝ፤
ስም፣ ሥራ፣ ምክንያት፣ ሦስቱን ሳጥን ሞልቶ፣
ሩብ ሰዓት ይቆርሳል ከዕድሜዬ ገብቶ።
ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከባንኩ በኋላ፣ ከጠበቃው በፊት፣ እንዲህ ይላል፦

ስም፦ ሐምዲ እንድሪስ።
ሥራ፦ መጋዘን፣ ሻርጃ።
ምክንያት፦ ወንድምህ ነኝ። ስልክ አታነሣም።

ማሽኔ ከእኔ ቀድሞ መልስ ልኮለት ኖሯል፦
"ክቡር ሐምዲ፣ እናመሰግናለን፤ ቀጠሮዎ ተይዟል።"

መጣ። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ የካርቶኑ እጥፋት ደረቱ ላይ አልለቀቀም።
ጸሐፊዋ "እርስዎ" አለችው።
ወንበሩን ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠበት።
እኔም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
"በሦስት ደቂቃ ንገረኝ" አልሁት።

ሳቀ። "ሦስትም አይፈጅ" አለ።
"በአንተ ድልድይ ላክሁ፣ ለእማ መድኃኒት፤
መሃል ላይ ቆመብኝ፣ ዘጠኝ ቀን ከሌሊት።
'ለሱ አትንገር' አለች፣ 'ይብሰለሰላል፣
ሥራ በዝቶበታል።'"

አንድ ቁልፍ ነካሁ። ገንዘቡ አለፈ።
"ሌላስ?" አልሁት።
"ሌላ የለም" አለ፤
ግን አልተነሣም፤ ገና ጊዜ አለ።

የቀረው አሥር ደቂቃ የማን እንደሆነ ለሁለታችንም ግራ ገባን።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
"ምሳ በልተሃል?" ሲለኝ
ሰሌዳውን ከፍቼ ፈለግሁት፤
አንድ ሰዓት ላይ "ምሳ" ይላል፣
መብላቴን ግን አይልም።

ጠበቃው በር ሲያንኳኳ ሐምዲ ተነሣ፣
ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ሌላ ቀን መረጠ፤
ቅርቡ ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ነው።
ስሙን ጻፈ።
ሥራውን ጻፈ።
"ምክንያት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤
ባዶውን ትቶ ላከው።
ማሽኑ አልቀበልም አለ፦

"ይህ ቦታ መሞላት አለበት።"